እትዬ ሜትር ስም ሲለኩ

የልጅ ልጅ የማትፈልግ እናት በዚህ ምድር ላይ የለችም፤ አያት መባል የምትፈልግ ካገኛችሁ ግን አምጥታችሁ አሳዩኝ። ልጃቸው ገና የሠርግ ልብሷን ሳታወልቅ «እንግዲህ መቼ ነው የምታሳዩን?» እያሉ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያስጨንቁ ይከርማሉ። ሕፃኑ መጥቶ እቅፋቸው ውስጥ ሲገባ ደስታቸው ልክ የለውም። ከዚያ አንዱ የዋህ እንግዳ «እንኳን አያት ለመሆን አበቃዎት» ይላል። ወዲያው ፊታቸው ይለወጥና፣ የተባለው ሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ፣ ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንደቆመ ያያሉ። በየቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተ ቤት ከሌለ ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ።

የዚህ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና የክብር አባል ግን ክብርት እትዬ ሜትር ናቸው። ለዚህ ምስክሩ አማቻቸው ነው፤ የአንድ ልጃቸው ባል። ድሮ ሲያወራው በምሬት ነበር። አሁን አሁን ሲያወራው ፈገግ ይላል፤ ለምን እንደሆነ እንደርስበታለን።

እትዬ ሜትር ልብስ ሰፊ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፣ ከአንገታቸው በማትወርደው ሜትር የተነሳ። አንድ ጊዜ ታመው ሐኪም ቤት ቢገቡ፣ ልብስዎን ያውልቁ ሲባሉ ሁሉንም አውልቀው ሜትሯን ብቻ አስቀርተው ተኙ ይባላል። ሱቃቸው የቤታቸው የፊት ክፍል ነው። ግድግዳውን ተጠግቶ ደንበኛ የሚቀመጥበት ረጅም አግዳሚ አለ፣ መሐል ላይ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በመስኮቱ በኩል በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና፣ ጥግ ላይ ቁልፍ የሞላ ጣሳ። በስተኋላ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ምስማር የተመታበት ጣውላ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ ምስማር ባለቤት አለው። ባለቤቱም ዓመታት አሉት።

እጃቸው ወርቅ ነው፤ ይህን የተጣላቸውም አይክድም። ጣጣው ወርቁ መቼ እንደሚወጣ አለመታወቁ ነው። ቀሚሱ ደረሰ ወይ ሲባሉ «ነገ» ይላሉ። ኮሌታው ሲባሉ «ነገ»። «ትናንትም ነገ ብለውኝ ነበር እኮ» ያለ እንደሆነ፣ «ታዲያ ቃሌን መች ለወጥኩ?» ብለው ይመልሱለታል። አንዲት ሴት ለእህቷ ሠርግ ያሰፋችውን ቀሚስ የለበሰችው የእህቷ ልጅ ትምህርት ቤት የገባ ቀን ነው። ባለቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት ሹፌር፣ ኮታቸው እጅጌ እስኪገባለት አራት ዓመት ጠብቀዋል፤ እስከዚያው ሰደርያ ነው እያሉ ይለብሱት ነበር።

ደንበኛ ግን አይሸሽም፤ ጉዱ ይሄ ነው። ይቆጣል፣ ከዚያ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ ከጎኑ ካለው ጋር እትዬ ሜትርን ያማል። እሳቸውም መኪናቸውን እየረገጡ ሐሜቱ የተዛባበትን ቦታ ያርማሉ። «ሁለት ዓመት አይደለም፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነው፣ አታሳንሱብኝ» ይላሉ። አመሻሹ ላይ ሁሉም ስቆ ይሄዳል፣ በማግስቱም ይመለሳል።

አማችየው ፖስታ ቤት ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ስም እያነበበ ደብዳቤውን ወደየሳጥኑ ይለያል። ጠዋት ከገባበት እስከሚወጣበት ስም በእጁ የሚያልፍ ይህ ሰው፣ የገዛ አማቱን የሚጠራበት አንድ ስም አልነበረውም።

ነገሩ የተበላሸው ባገባ በሳምንቱ ነው። አዲስ የገዛው ሱሪ ረዝሞበት ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገና መንገዱን ሙሉ ሲለማመደው የመጣውን ቃል ሊያወጣ «እማ...» ከማለቱ ቀና ብለው አዩት።

«እማማ እንዳትለኝ ልጄ። እማማ የሚለኝ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ይበቃኛል። አንተ ምን እንደምትለኝ ነገ እነግርሃለሁ።»

ሱሪውን ተቀብለው ለኩት፣ በጠመኔ ምልክት አደረጉበት፣ መጨረሻው ምስማር ላይ ሰቀሉት፣ ነገ ና አሉት። ይኸው ስድስት ዓመት። ሱሪውም ስሙም እዚያው ምስማር ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውን ሳይጠሩ አብሮ መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ደግነቱ አማርኛ ለእንዲህ ላለው ምስኪን ያዝናል። ግሱ ራሱ ማክበር ስለሚችል «እንደምን አደሩ»፣ «ይቀመጡ»፣ «አረፍ ይበሉ እንጂ» እያለ ስም የሚገባበትን ቦታ ዘሎ ያልፈዋል። የሚቸግረው ጀርባቸውን ሰጥተው ሲቀመጡ ነው። ያኔ ያስላል። ሳሉን ካልሰሙ አግዳሚውን ጎተት ያደርጋል። እሱንም ካልሰሙ ወጥቶ ይዞርና በመስኮቱ በኩል ይታያቸዋል። አንድ ቀን የረሱት ካውያ ጠረጴዛው ላይ የሰው ጃኬት ሲያጨስ አየ። ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ሲያወጣና ሲያወርድ ጃኬቱ ተቃጠለ። ሚስቱ ነርስ ናትና፣ እናቷ ቤት በገባ ቁጥር የሚነሳበት ሳል አሳስቧት ሁለት ጊዜ በማዳመጫ አዳምጣዋለች። ሳንባህ ደህና ነው አለችው። እሱም አውቃለሁ አላት።

ከዚያ ትንሿ ተወለደች።

ጡረተኛው ሹፌር ሕፃኗን አንዴ ትክ ብለው አዩና «አባባ ትበለኝ» ብለው ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ። የእሳቸው ጉዳይ በዚህ ተዘጋ። የክብርት እትዬ ሜትር ጉዳይ ግን ያኔ ተከፈተ፤ ምክንያቱም ለእሳቸው ስምም እንደ ልብስ ነው፤ ሳይለካ አይወሰድም።

«አያቴ» የሚለውን ገና ሳይለብሱት መለሱት። አያት የሚባለው ከዘራ ይዞ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ነው፣ እኔ ቀኑን ሙሉ መኪና እረግጣለሁ አሉ። «ትልቋ እማዬ» የሚለውን ያመጣችው ልጃቸው ናት። «ትልቋ ያልሽው ዕድሜዬን ነው ወገቤን?» ብለው ሜትራቸውን እዚያው ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ቁጥሩን አሳዩአት። «እቴቴ» ትከሻው ላይ ወደቀባቸው፤ የልጄ ልጅ ታናሽ እህቴ ልትሆን ነው እንዴ አሉ። «እትዬ» ደግሞ የደንበኛ ነው፣ ስትጠራኝ ቀሚሷን ልትጠይቀኝ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ አሉ። በስምዎ ትጥራዎት ቢባሉ ባለጌ ልታሳድጉብኝ ነው ብለው ተቆጡ። «ሚሚ» የሚለውን ከጋዜጣው ጀርባ የወረወሩት ባለቤታቸው ናቸው፤ ሰውየው እጅጌያቸው የዘገየባቸው በዚህ የተነሳ ነው የሚል አለ።

ቀረ «እማዬ»። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ዓይናቸው መጀመሪያውኑ ያረፈው እሱ ላይ ነበር። አያቱን እማዬ፣ እናቱን በስሟ እየጠራ የሚያድግ ልጅ ሞልቷል፤ እትዬ ሜትር ይህንን ክር እያስገቡ፣ ሌላ ነገር የሚያወሩ እየመሰሉ፣ ሦስት ጊዜ አነሱት። ነርሷ እናቷን ታውቃቸዋለች። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ በስሜ ልጠራ ነው እንዴ ብላ በሦስተኛው ላይ ዘጋችው።

«እሺ በቃ» አሉ እትዬ ሜትር። «ነገ እነግራችኋለሁ።»

ሕፃኗ ግን ነገን አትጠብቅም። ተቀመጠች፣ ጥርስ አወጣች፣ ቆመች፣ ሄደች። እናቷ ሐኪም ቤት ውላ ስለምትገባ ትንሿ ቀኑን የምታሳልፈው ሱቁ ውስጥ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ባዶ የክር ማጠንጠኛ እያንከባለለች ነው። አባቷ ጠዋት ወደ ሥራው ሲያልፍ ያደርሳታል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጥቶ ይወስዳታል። በር ላይ እትዬ ሜትር ጎንበስ ብለው ጉንጯን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፣ ይሰናበቷታል፣ እሷም ሳታስቸግር ትሄዳለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ።

አፏን ስትፈታ «እማዬ» አለች። «አባዬ» አለች። «ውሃ» አለች። «አባባ» ያለች ዕለት ሹፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዜጣቸውን አጥፈው አስቀመጡ። እትዬ ሜትርን ግን ምን ትበላቸው? ስም የላቸውም። ስትፈልጋቸው ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ ቀሚሳቸውን ትጎትታለች። ሚስትየው ይህን አይታ ባሏን «ይቺ ልጅ ባንተ ወጣች፣ ማሳሉ ብቻ ነው የቀራት» አለችው።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነበር፣ የአማችየው እናት አንድ ወር ሊከርሙ እንደሚመጡ እስኪያስታውቁ ድረስ። ሴትየዋ ሌላ ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ሰባት የልጅ ልጆች አሏቸው፤ ሰባቱም «እማማ» ነው የሚሏቸው። ያለ ምርጫ፣ ያለ ልኬት፣ የመጀመሪያው ሲወለድ እማማ ተባሉ፣ አለቀ። እትዬ ሜትር ወሬውን የሰሙ ዕለት መኪናቸውን መርገጥ ቀጠሉ። አማችየው ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ግን ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ ተናገሩ።

«አንድ ወር አፉን ለሚፈታ ልጅ ብዙ ነው። እማማ ብላ ትጠራቸዋለች። ከዚያ እኔ ማን ልሆን ነው? ያቺኛዋ?»

ሰውየውን አሳዘኑት። ታዲያ አንዱን ይምረጡና ዛሬውኑ እናለማምዳት አላቸው። አሰቡ፣ ጨርቁን አዙረው አዩ፣ አሁንም አሰቡ። መልሳቸውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

የአማችየው እናት ቅዳሜ ጠዋት ደረሱ። ሻንጣቸውን ቤት አስቀምጠው፣ ልጃቸው ትንሿን አቅፎ፣ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጡ። አግዳሚው ቅዳሜ ስለሆነ ሞልቷል፤ አምስት ባለ ምስማር ተደርድሯል። ሁለቱ ሴቶች የተለዋወጡት ትሕትና አምስቱንም አደከማቸው። እርስዎ ይቀመጡ፣ የለም እርስዎ ይቀመጡ፣ ከእርስዎ በፊትማ አይሆንም ሲባባሉ፣ አንዱ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። በመጨረሻ እናትየው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ትንሿን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ እትዬ ሜትርም ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

መምህርት ናቸውና ጊዜ አላባከኑም። «እስቲ እማማ በይኝ የኔ ቆንጆ» አሏት። «እ... ማ... ማ።»

መኪናዋ ቆመች። እትዬ ሜትር ክር የተበጠሰባቸው መስለው መርፌዋን ጎንበስ ብለው ያያሉ። ክሩ ደህና ነበር፤ አማችየው አይቷል። ትንሿ የአዲሲቷን እንግዳ አፍ ተመለከተች፣ ከንፈራቸውን በጣቷ ነካች። ከዚያ የለመደችው የመኪና ድምፅ ለምን ዝም እንዳለ ግራ ገብቷት ይመስላል፣ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሁለት እጇን ዘረጋችና ጥርት አድርጋ ተናገረች።

«ነገዬ።»

እትዬ ሜትር ደንበኛ መሰላቸው። ቀና ሳይሉ «ነገ» ብለው መለሱ።

አግዳሚው በሳቅ ፈነዳ። እንባውን የሚጠርግ ነበር፣ ጭኑን የሚመታ ነበር። አንዱ፣ ሱሪው ከጉልበት በታች ገና ያልተሰፋለት ሰውዬ፣ ልጅ አትዋሽም አለ። ያኔ ነው እትዬ ሜትር ነገሩ የገባቸው። ፊታቸው ቀላ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ከመኪናዋ ተነሱ። አርባ ዓመት ሙሉ ደንበኛ በፊታቸው ሲያማቸው እየሳቁ ያረሙ ሴትዮ አሁን አልሳቁም።

«ዛሬ ሱቅ ዘግተናል» አሉ።

«ዛሬ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ አግዳሚው የሰማው ያን ቀን ነው። ሁሉም ተነስቶ ወጣ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናትየው ከፊት ከፊት ይራመዳሉ። አማችየው አፍሯል፤ እናቱ ተቀይመው ይሆናል ብሎ ልጅ ናት እኮ፣ ነገ ከነገወዲያ እርስዎንም ትጠራለች እያለ ማባበል ጀመረ።

«አልተቀየምኩም» አሉት። «ቀናሁ እንጂ። ሰባት የልጅ ልጅ እማማ ይለኛል፣ መንገድ ላይ የሚያልፈውም ሁሉ እማማ ይለኛል። ለእኔ ብሎ ስም ያወጣልኝ አንድም ልጅ የለም።»

ይህን ለማን እንደሚነግረው ያውቅ ነበር፤ ምን ብሎ ጠርቶ እንደሚነግራቸው ግን አላወቀም።

እትዬ ሜትር በበኩላቸው ቁርጥ ያለ ውሳኔ ላይ ደረሱ። የአንድ ልጄ ልጅ በነውሬ ትጥራኝ እንዴ አሉ ለነርሷ፤ ነውሩን እጥለዋለሁ እንጂ በሱ አልጠራም። ሰኞ ሲነጋ ምስማሩን ከግራ ጀመሩት። ለጡረታ ሁለት ወር የቀረው ሰውዬ የመጀመሪያ ሥራውን ሲጀምር ያሰፋውን ሱፍ ተረከበ። አንዲት ሴት እዚያው አፍንጫዋ ሥር ተተኩሶ የተሰጣትን ጉርድ ይዛ «ምን ሆነዋል? አመመዎት?» ብላ ጠየቀች። ሹፌሩ ሁለት እጅጌ በአንድ ቀን ገባላቸውና ሰደርያዬን አበላሸሽው ብለው አጉረመረሙ። ከአፋቸው «ነገ» የሚባል ቃል ጠፋ። የሰፈሩም ሰው ያን ሳምንት «የዛሬ ሳምንት» ብሎ ሰየመው፤ «መቼ ተረከብክ?» ሲባል «የዛሬ ሳምንት» እያለ ሰውን ግራ ያጋባ ነበር።

ማክሰኞ አማችየው የራሱን ሱሪ ተረከበ። እትዬ ሜትር በልኩ ነው ያሳጠሩት፤ ከስድስት ዓመት በፊት በነበረው ልኩ። ወገቡ ላይ አልዘጋ አለው። ያን ሱሪ ስንት ጊዜ ሲመኘው ኖሮ፣ አሁን በእጁ ይዞት ባዶውን ምስማር ሲያየው ደስ ሊለው ሲገባ ከፋው። እዚያ ቤት የሚጠብቀው ነገር ያለቀ መሰለው።

ሐሙስ አግዳሚው ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ልብሱን የወሰደ ሰው ምን ብሎ ይመጣል? የሚያማ የለም፣ ሐሜት የሚታረም የለም። እትዬ ሜትር የሚሰፉት አልቆ የቁልፉን ጣሳ ገልብጠው በየቀለሙ ይለያሉ። ይህም ባልከፋ። የባሰው የትንሿ ነገር ነው። ከሰኞ ጀምሮ አባቷ ሊወስዳት ሲመጣ አልሄድም አለች። ሰኞ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንዲሁ። አቅፏት እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ ስታለቅስ ትሄዳለች፣ ዓይኗ ወደ ኋላ ነው። ሰው ቆንጥጧት ነው ብሎ ያየዋል።

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ሜትር እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ጉንጯን ያዙ። «ደህና እደሪ» አሏት። ልጅቷ አፋቸውን አፋቸውን ታያለች። ሌላ ነገር ትጠብቃለች። ሌላው ነገር ሳይመጣ ሲቀር ለቅሶዋ ተጀመረ። እትዬ ሜትርም ፊታቸውን አዙረው ወደ ቁልፎቻቸው ተመለሱ፣ እንባቸውን አማችየው እንዳያይ።

ያኔ በራለት። ዓመት ሙሉ በየቀኑ እዚህች በር ላይ ጉንጯን ይዘው የሚሏት «ደህና እደሪ» አልነበረም።

ሳለ። አልዞሩም። አግዳሚውን ጎተተ፤ ባዶ አግዳሚ ብዙ ይጮሃል፣ እሳቸው ግን አልዞሩም። ስለዚህ እንዲያው ስም ሳይጠራ ለጀርባቸው ተናገረ።

«ነገ ይበሏት።»

«አልልም። የሳቁብኝ ይበቃኛል።»

«የደንበኛውን ይተዉት። እሷ የሰማችው እዚህ በር ላይ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ ነገ ብለው አላደረሱም፣ እሺ፣ ልክ ነው። ለእሷ ግን በየቀኑ ነገ ብለዋታል፣ በነጋታውም ስትመጣ አልጠፉባትም። አንድ ቀን እንኳ አላጓደሉባትም። ደግሞ ስድብ ቢሆን ‹ዬ› ምን ይሠራል? እማዬ፣ አባዬ፣ ነገዬ። ሰው ‹ዬ› የሚለው ለወደደው ነው።»

እትዬ ሜትር በእጃቸው የያዙትን ቁልፍ ከነጮቹ ጋር ሊያስቀምጡት ሄደው ከጥቁሮቹ ጋር ጣሉት። ከዚያ ተነሱ፣ እስከ በሩ መጡ፣ ጎንበስ አሉ።

«ነገ» አሏት። «እሺ? ነገ።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ትንሿ አንዴ ስቅ አላት፣ ከዚያ «ነገዬ» አለች፤ ማንም ሳይነካት እጇን ከመቃኑ ላይ አንስታ ለአባቷ ሰጠችው። እትዬ ሜትር እዚያው እንዳጎነበሱ ቀሩ። አማችየው እናቱ መንገድ ላይ ያሉትን ነገራቸው፣ ቃል በቃል። ቀኑብዎት አላቸው።

«ቀኑብኝ?» አሉ። «በእውነት ቀኑብኝ?» ደግመው አስነገሩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁት ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እያስተካከሉ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አንዲት ደንበኛ ሱቁ ዛሬ ያደርሳል ሲባል ሰምታ ሦስት ቀሚስ ይዛ ገባች። ለመቼ ይሆንልኛል ስትል «ነገ» ተባለች። ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ትንሽ ራስ ብቅ አለች፤ አያቷ ተጠሩ መስሏት። ምሳ ሰዓት ላይ አግዳሚው ተሞላ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰፈሩም ሜትር ማለቱን እየረሳው «እትዬ ነገ» ማለት ጀምሯል፤ እሳቸውም አይቆጡም። የሌላውን ልብስ ሰፊ ስም ሰፈር ያወጣል፣ የእኔን የልጄ ልጅ አወጣችልኝ ይላሉ። እናትየውም ወር ሳይሞላቸው «ማሚት» የሚል ስም ደረሳቸው። ከየት እንዳመጣችው ማንም አያውቅም፤ እሳቸው ግን ለሰባቱ የልጅ ልጆች ሁሉ ስልክ ደውለው ነገሯቸው።

አማችየው በቅዳሜው፣ ቤት ውስጥ ሰው እንዳያየው ኮሪደሩ ጥግ ቆሞ፣ ደህናውን ጃኬቱን አውጥቶ አንዱን ቁልፍ በመቀስ ቆረጠው። ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወደ ሱቁ ሄደ። እትዬ ሜትር ጀርባቸውን ሰጥተው መኪናቸውን ይረግጣሉ፣ አግዳሚው ያወራል፣ ሰው ሰውን አይሰማም።

አልሳለም። አግዳሚውንም አልጎተተም።

«እትዬ ነገ» አለ።

መኪናዋ ቆመች። ዞሩና አዩት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩት እሳቸው እንደሆኑ ሁሉ። ጃኬቱን ተቀበሉት። ቁልፉ የነበረበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ። የተበጠሰ ክርና የተቆረጠ ክር ለልብስ ሰፊ አንድ አይደለም፤ የተቆረጠው ጫፉ እኩል ነው። አወቁ። እስከ መጨረሻው ምስማር ሄደው ባዶው ቦታ ላይ ሰቀሉለት፣ ትከሻውን አቃኑት።

«መቼ ልምጣ?» አላቸው።

«ስሜ ማን ነው?» አሉት።